ደረቁ ጉድጓድም ይመዝገብ

የሚነጋገሩት አጎትና የእህት ልጅ ናቸው። አጎቷ ዕድሜያቸውን በሃይድሮጂኦሎጂና ምሕንድስና ጂኦሎጂ የጥናት ክፍል አሳልፈው አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ጂኦሎጂስት ናቸው። እሷ የመንገድ መሐንዲስ ናት። ተራራማ አገር ላይ በሚሠራ አዲስ የመንገድ ፕሮጀክት ተመድባ ልትሄድ ስለሆነ ሥራው ሳይጀመር ልታማክራቸው መጥታለች።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ሁልጊዜ ልጠይቅዎ እያልኩ የምረሳው ነገር አለ። እናንተ ቤት የውሃ ሰዎችና የመሬት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠሩት። አንዱ ለጉድጓድ ቦታ ይመርጣል፣ ሌላው የመንገድና የግድብ መሠረት ያጠናል። እኛ ዘንድ ቢሆን ሁለት ዳይሬክቶሬት ነበር የሚሆኑት። ምን አገናኛችሁ?

ጋሼ፦ ውሃው ነዋ! የጉድጓድ ቦታ የሚመርጠው ጂኦሎጂስት «ውሃው የት ይገኛል?» ይላል፤ ተዳፋት የሚያጠናው ደግሞ «ይህ መሬት ይቆማል ወይ?» ይላል። ጥያቄያቸው ይለያያል እንጂ መሬት ውስጥ ሲገቡ የሚያገኙት አንድ አለት ነው፤ በአለቱ ስንጥቅ የሚሄደውም አንድ ውሃ ነው። ለመጀመሪያው ሲሳይ የሆነው ውሃ ለሁለተኛው ስጋት ነው። እኔ በሁለቱም ወገን ሠርቻለሁ፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ብቻ ያጠና ሰው ሥራው ጎዶሎ ይሆናል።

መሐንዲሷ፦ እኛም ተዳፋት ስናሰላ ውሃውን እናስገባለን እኮ።

ጋሼ፦ ቁጥሩን ከየት ታመጡታላችሁ?

መሐንዲሷ፦ እውነቱን ልንገርዎ? አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነው። የመሠረት ቁፋሮው የሚካሄደው በበጋ ነው። በክረምት ማሽኑ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ ይገኝና ሪፖርቱ ላይ «ውሃ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል።

ጋሼ፦ በበጋ ተለክቶ በክረምት ይንሸራተታል ማለት ነው። የኔ ልጅ፣ ተዳፋት ላይ ያለ አፈር የሚቆመው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሚፋተጉ ነው። በመካከላቸው ያለው ውሃ ግፊቱ ሲጨምር ከጭነቱ የተወሰነውን ራሱ ይሸከምና መፋተጉ ይላላል። የመሬቱ ክብደት አልቀነሰም፤ እንዲያውም በውሃው ጨምሯል። የቀነሰው የሚይዘው ኃይል ነው። ካርል ቴርዛጊ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አስረድቷል፤ አንቺም ዩኒቨርሲቲ ተምረሽዋል። ታዲያ የውሃው ከፍታ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስንት እንደሚደርስ ካልታወቀ የተቀረው ስሌት ሁሉ ምን ላይ ይቆማል?

መሐንዲሷ፦ ልክ ነዎት። ግን አንድ ክረምት ጠብቁ ብንላቸው ማን ይሰማናል? ውሉ የተፈረመበት ቀን አለ፣ ማለቂያው ቀን አለ።

ጋሼ፦ ለዚያ ነው ጥናቱን የሚያካሂድ ክፍል ፕሮጀክት ሳይመጣ ቀድሞ ሥራ ላይ መሆን ያለበት። ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ተራራው ግን ከፕሮጀክቱ በፊትም በኋላም አለ። ከጎሐ ጽዮን ደጀን ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ አይደል?

መሐንዲሷ፦ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ! ከደጋው ዓባይ ድልድይ ድረስ ቁልቁል ይወርድና ያንኑ ያህል ይወጣል። አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ በየቦታው እንደ ሰመጠ ነው።

ጋሼ፦ ለምን እንደሚሰምጥ ልንገርሽ። ከላይ ያለው ባዛልት ነው። የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የክረምቱን ዝናብ ይውጠዋል። ከሥሩ የኖራ ድንጋይ አለ፤ እሱም ውሃ ያሳልፋል። ከዚያ በታች ጂፕሰምና ሼል የሚባለው ሸክላማ አለት የተነባበረበት ክፍል ይመጣል፤ ጂኦሎጂስቶች የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን ብለው ሰይመውታል። ውሃው ሼሉ ጋ ሲደርስ መውረጃ ያጣና ወደ ጎን ይሄዳል፤ ተዳፋቱ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ምንጩ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ በዘመናት ከላይ እየተናደ የወረደ ድንጋይና አፈር ተከምሯል። ከሥር ያለው ሸክላማ አፈር ሲርስ እንደ ተልባ ይሟለጫል። መንገዱ የሚያልፈው እንዲህ ባለው ክምር ላይ ነው።

መሐንዲሷ፦ እኛ የሰመጠውን በሙሌት እናስተካክላለን፤ ከታች ጋቢዮን፣ በሽቦ የታሰረ ድንጋይ፣ እንደረድራለን።

ጋሼ፦ ሙሌቱ ምንድን ነው? ክብደት ነው። በሚንሸራተተው መሬት ራስ ላይ በየዓመቱ ክብደት ስትጨምሩ ተንሸራታቹን እየረዳችሁት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ቀዳሚው ሥራ ውሃውን ማውጣት ነው። የላዩን ጎርፍ በቦይ ታስቀይሪዋለሽ፤ የውስጡን ደግሞ ተዳፋቱን በአግድም እየበሱ ቀዳዳ ባለው ቱቦ ማፍሰስ ይቻላል። ግን ቱቦው ውሃው ያለበትን ንብርብር ካልመታ ገንዘብ መቅበር ነው። የት እንደሚመታ የሚነግርሽ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 የጃፓኑ የትብብር ድርጅት ጃይካ፣ ያኔ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ይባል ከነበረው መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ የዓባይን ሸለቆ ናዳ አጥንቷል። ከዚያ ጥናት ውስጥ እኔ ከሁሉ የምወደው መለካቱን ነው።

መሐንዲሷ፦ ምኑን ነው የሚለኩት?

ጋሼ፦ ዝናቡን፣ የውሃውን ከፍታ፣ የመሬቱን ጉዞ። ኤክስቴንሶሜትር የሚባለውን መሣሪያ ብታዪው ቀላል ነገር ነው። በማይንቀሳቀሰው መሬት ላይ አንድ እንጨት ይቆማል፣ በሚንሸራተተው ላይ ሌላ ይቆማል፤ በሁለቱ መካከል በሙቀት ብዙ የማይለጠጥ ሽቦ ይወጠራል። መሬቱ ሲሄድ ሽቦው ይጎተታል፤ የተጎተተበት ሚሊ ሜትር ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ሽቦው በበጋ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ክረምት ሲገባ የዝናቡ መዝገብ፣ ቀጥሎ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ፣ ቀጥሎ ሽቦው በየተራ ሲነሡ በወረቀት ላይ ታያለሽ። ዝናብ ከጣለ ከስንት ቀን በኋላ መሬቱ እንደሚነሣ የዚያን ጊዜ ታውቂያለሽ። ማስጠንቀቂያ የሚሠራው በዚህ ነው። ይህን ከሳተላይት ላይ ብቻ አታገኚውም፤ ከአንድ ዓመት መዝገብም አታገኚውም።

መሐንዲሷ፦ የጎፋውን ናዳ ሳስብ ግን ልቤ ይደማል ጋሼ። እዚያ ሽቦ የወጠረ አልነበረም።

ጋሼ፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። የመጀመሪያው ናዳ ቤተሰብ ቀበረ። ጎረቤቱ እጁ ባገኘው መቆፈሪያ ሊያወጣቸው ተሰበሰበ፤ እየቆፈረ እያለ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ አውጪዎቹን ጨመራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እነዚያን ሰዎች ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ ወገናቸውን እያወጡ ነበር። እኔ የማዝነው በእኛ በባለሙያዎቹ ነው። ናዳ ከወረደ በኋላ አናቱ ላይ ያለው መሬት ድጋፉን አጥቶ እንደሚቀርና ተከትሎ ሊወርድ እንደሚችል በሙያችን የታወቀ ነው። ይህ እውቀት ቀበሌው ድረስ አልወረደም።

መሐንዲሷ፦ ቢወርድስ ኖሮ ገበሬው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ልጁ ጭቃው ውስጥ ነው።

ጋሼ፦ ቢያንስ አንድ ሰው አናቱ ላይ ወጥቶ ስንጥቁን ይመለከታል፤ የሚቆፍረው ሰው ቁጥሩ ይወሰናል፤ የተቀረው፣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ፣ ከሥር ርቀው ይቆማሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቀድሞ መውጣት ነው። ተራራ ብዙውን ጊዜ ሳይናገር አይወርድም። አናቱ ላይ ቅስት የሚመስል ስንጥቅ ይከፈታል። ድሮ ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል፤ ወይም ጥርት ያለው ምንጭ በድንገት ይደፈርሳል። ዛፉ ያዘነብላል፤ የቤቱ በር አልገጥም ይላል። ደጋ ላይ ያለ ገበሬ ይህን ሁሉ ያያል። ያየውን ለማን ይንገር? ለቀበሌው ቢነግር ቀበሌው ለማን ያስተላልፍ? መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በዞኑ ውስጥ አለ ወይ? የጥናት ክፍል ሥራው ካርታ ማተም ብቻ ከሆነ ይህ ጥያቄ መልስ አያገኝም።

መሐንዲሷ፦ ችግሩ አዲስ እኮ አይደለም።

ጋሼ፦ አዲስ አይደለም። ሉልሰገድ አያሌው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ብቻ በዝናብ ምክንያት የተነሣ ናዳ በአገራችን ወደ 300 ሰው እንደገደለ ጽፏል። ደሴን ተመልከቺ፤ ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው። የደሴን ተዳፋት ያላጠና ጂኦሎጂስት የለም ማለት ይቻላል። ጥናት አላጣንም። ያጣነው ጥናቱ ወደ ግንባታ ፈቃድ የሚገባበትን መንገድ ነው።

መሐንዲሷ፦ በሌላ አገርስ? የበለጸጉት ይህን ተሻግረውታል?

ጋሼ፦ በከባድ ዋጋ ነው የተሻገሩት። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት የሚባል ግድብ አለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ከግድቡ ሐይቅ ዳር 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆን የተራራ ጎን ተንሸራትቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ውሃው ግድቡን ዘሎ ከታች ያለችውን የሎንጋሮኔ ከተማ ከምድር ገጽ ጠረገ፤ ወደ 2,000 ሰው ሞተ። ግድቡ ግን አልፈረሰም! ዛሬም ቆሟል። መሐንዲሶቹ ኮንክሪቱን በሚገባ ሠርተዋል። ተራራው ሲሄድ ይለኩ ነበር፤ ሐይቁ ሲሞላ ፍጥነቱ እንደሚጨምርም አይተዋል። የሸክላውን ንብርብርና በውስጡ የሚጠራቀመውን የውሃ ግፊት ግን በሚገባው መጠን አልፈሩትም። እያንዳንዱ የምሕንድስና ጂኦሎጂ ተማሪ ይህን ታሪክ ሳይማር አይወጣም፤ መሐንዲሱም ሊማረው ይገባል ባይ ነኝ።

መሐንዲሷ፦ እኛ የምንማረው የጊቤ 2 ኃይል ማመንጫን ዋሻ ነው።

ጋሼ፦ እሱም ይበቃል። 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ አለቱ በስብራት የተቆራረጠ። ቁፋሮው ላይ እያሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ማሽኑ የስብራት ቀጣና ላይ ደረሰ፤ በከፍተኛ ግፊት የመጣ ጭቃ ያንን ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ገፋው። ጣቢያው ጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ጥገናው ወራት ወሰደ። ተራራ ሥር ያለን ነገር ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም፤ ይህን የሚክድ ጂኦሎጂስት ካለ አትመኚው። ነገር ግን ስብራቱ የት እንዳለና ውሃ ይዞ እንደሆነ አስቀድሞ መጠርጠር ይቻላል። ማሽኑ ፊት ለፊት ትንሽ ቀዳዳ እየበሳ እንዲሄድ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሺ፣ ወደ ውሃው እንምጣ። የእናንተን የውሃ ካርታ ፕሮጀክቱ ቢሮ ውስጥ አይቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙ አልጠቀመኝም። ለካምፑ ጉድጓድ ቦታ ልመርጥበት ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ የቱን ነው ያየሽው?

መሐንዲሷ፦ የአገሪቱን ሙሉ ካርታ፤ አንድ ለሁለት ሚሊዮን።

ጋሼ፦ እሱ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የተስፋዬ ቸርነት ካርታ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ኮምፒዩተር ባልተስፋፋበት ዘመን የዚህን ሰፊ አገር የውሃ ጠባይ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጧል። ግን አስቢው፤ በዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ነው። አውራ ጣትሽን ስታሳርፊበት ወረዳው ከሥሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ከቼክ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር በመተባበር ጭምር የተሠሩት የ1:250,000 ካርታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ይህም ቢሆን «እዚህ ቆፍሪ» አይልሽም። የሚነግርሽ ምን ዓይነት አለት ላይ እንደቆምሽ፣ ውሃው በምን ያህል ጥልቀት እንደሚጠበቅ፣ ጨዋማ ነው ወይስ ጣፋጭ የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ የአየር ፎቶ ይታያል፣ በእግር ይዞራል፣ በመሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ እየተላከ ንብርብሩ ይለካል። የጉድጓዱ ቦታ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው።

መሐንዲሷ፦ ኮንትራክተሩ ታዲያ «አባቴ ውሃ በዱላ ነበር የሚያገኘው» ይላል።

ጋሼ፦ ዝናብ የማያልቅበት፣ አለቱ በሙሉ የተሰነጣጠቀበት አገር ላይ በዱላም በዕድልም ይገኛል። ሶማሌ ክልል ወይም አፋር ላይ ግን ሦስት መቶ ሜትር ተወርዶ አቧራ የሚወጣበት ጉድጓድ አለ። የመቆፈሪያ ማሽኑን፣ ሪጉን፣ እዚያ ለማድረስ፣ ለነዳጁ፣ ለጉድጓዱ ቱቦ ለኬሲንጉ የወጣው ገንዘብ ለስንት ትምህርት ቤት ይበቃ ነበር? ውሃ ተገኝቶም ላይጠጣ ይችላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ያለው ፍሎራይድ በአንዳንድ ጉድጓድ ከ10 በላይ ይገኛል።

መሐንዲሷ፦ እናቴ ወንጂ አይደል ያደገችው፤ ፍሎራይድ ያበላሸውን የአብሮ አደጎቿን ጥርስ አውቀዋለሁ። ለምን እዚያ በዛ?

ጋሼ፦ ከአለቱና ከውሃው ጉዞ ነው። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ውጤት የሆነው አለትና አመድ ፍሎራይድ አለው። ውሃ ውስጥ በቂ ካልሲየም ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ማዕድን ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ውሃው ግን ከደጋው ወደ ሸለቆው ወለል በዝግታ ሲጓዝ ካልሲየሙን በመንገድ ይጥላል፤ በምትኩ ሶዲየም ይዞ ይደርሳል። ሙቀቱም ያግዘዋል። ያኔ ፍሎራይዱን የሚይዘው ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ወረዳ «ጉድጓዳችን ፍሎራይድ አለው፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ» ሲል መልሱ ሁልጊዜ እሺ አይደለም። መጥለቁ ሊያባብሰው ይችላል። አንዳንድ ቦታ መፍትሔው ሸለቆው ወለል ላይ መቆፈሩን ትቶ ከደጋው ጠርዝ፣ ውሃው ገና ወጣት ሳለ፣ በቧንቧ ማምጣት ነው። የልጅን ጥርስና አጥንት የሚያድን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ያለ ውሃ ኬሚስትሪ ጥናት አይመጣም።

መሐንዲሷ፦ የበሰቃ ሐይቅም ከዚሁ ጋር ይገናኛል? መተሐራ ስናልፍ መንገዱ ሐይቅ መሃል ነው የሚመስለው።

ጋሼ፦ በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ጨዋማ ነው፤ የግጦሹን መሬት ዋጠ፤ የባቡር ሐዲዱንና አስፋልቱን በተደጋጋሚ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ከየት መጣ? አንዱ ባለሙያ ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ትርፍ ውሃ ነው ይላል፤ ሌላው ከሥር የሚፈልቀው ፍል ውሃ ጨምሯል ይላል፤ ቆቃ ግድብ የአዋሽን ጠባይ ስለቀየረው ነው የሚልም አለ። እኔ ሁሉም ድርሻ አላቸው ባይ ነኝ፤ ትልቁን ድርሻ ግን ለመስኖው እሰጣለሁ። ድርሻውን በትክክል ለመለየት የውሃው የገቢና ወጪ ሒሳብ ከእርሻው መጀመሪያ ጀምሮ መያዝ ነበረበት። በዚያው ዘመን ሐሮማያ ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። የሐረርን ሕዝብ ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ ከብት ዋለበት፤ ከተማዋ ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በፓምፕ ሽቅብ ለማምጣት ተገደደች።

መሐንዲሷ፦ ሐሮማያ ጥፋቱ የጫት መስኖው ነው ይባላል።

ጋሼ፦ በሐይቁ ዙሪያ የሚሳበው ውሃና ከተራራው የሚወርደው ደለል ተባብረው ነው። ገበሬው ጉድጓዱን ሲቆፍር ከጎረቤቱ ጉድጓድና ከሐይቁ እየቀዳ መሆኑን የነገረው የለም። ውሃው ከመሬት በታች ተገናኝቷል። አንድ የውሃ መመልከቻ ጉድጓድ በየወሩ ተለክቶ የውሃው ወለል በየዓመቱ ምን ያህል እንደወረደ በግልጽ ቢነገር ኖሮ ቢያንስ ክርክሩ በጊዜ ይጀመር ነበር።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ አይቀየሙኝ። እናንተ «አታውቁም» እያላችሁ ትወቅሱናላችሁ። ባለፈው ፕሮጀክት አካባቢውን አስቀድሞ ያጠና ሪፖርት እንዳለ ሰምቼ ላገኘው ብዙ ደከምኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል። ባገኘውም ጂኦሎጂስት ካልሆነ ሰው የማይገባው ቋንቋ ነው። የድንጋይ ስም ገጽ ሙሉ፤ «እዚህ ላይ መንገድ ብትቆርጡ ይንዳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የለም።

ጋሼ፦ ምን እቀየማለሁ፤ እውነት ነው። ሪፖርት ስንጽፍ አንባቢያችን ሌላ ጂኦሎጂስት ይመስለናል። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊና አንቺ ናችሁ ዋነኞቹ አንባቢዎች። የመጀመሪያው ገጽ ለእናንተ መጻፍ አለበት፤ የት መቆፈር፣ የት አለመሥራት፣ የት ጥንቃቄ። የድንጋዩ ስም ከኋላ ይምጣ። ግን የእናንተንም ልንገርሽ? ከእኛ የምትወስዱትን ያህል አትመልሱም።

መሐንዲሷ፦ ምን እንመልስ?

ጋሼ፦ ጉድጓዱን። ከቁፋሮ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ? ሪጉ ሲወርድ በኮምፕሬሰሩ አየር ፍርፋሪው ወደ ላይ ይወጣል። ጂኦሎጂስቱ በየሁለት ሜትሩ አንድ እፍኝ ያነሣል፤ አጥቦ በተርታ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ከጥቁር ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ግራጫ የሚሄድ ረጅም ሰልፍ ይሆናል። ቀዩና ቀዳዳማው ስኮሪያ ከሆነ ውሃ ሊሰጥ ነው፤ የአቃቂ ጉድጓዶች አዲስ አበባን የሚያጠጡት በአብዛኛው ከእንዲህ ያለው አለትና ከተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው። ያ ሰልፍ የመሬቱ ታሪክ ነው፤ ዳግመኛ በነፃ አይገኝም። ጉድጓዱ ሲያልቅ ውሃው በፓምፕ ይሞከራል። ለከተማ የሚሆን ከሆነ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሊቆይ ይችላል። በሌሊት ጄኔሬተሩ እያጓራ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ መለኪያውን ገመድ ወደ ጉድጓዱ ይልካል፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ጢጥ ይላል፤ ጥልቀቱን ይጽፋል። የውሃው ወለል እየወረደ ሄዶ ከቆመ ከጎን የሚመግበው አለ ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ በድንገት መዝቀጥ ከጀመረ ግን ፓምፑ ውሃ የሚስብበት ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ አለት ላይ ደርሷል። ይህን ለማወቅ የሙከራው መጨረሻ ሰዓታት ናቸው የሚጠቅሙት፤ ብዙ ቁፋሮ ላይ ግን «ውሃው በቂ ነው፣ እንሂድ» ተብሎ የሚቆረጠው እነሱ ናቸው። ከዚያ ጉድጓዱ በሁለተኛው ዓመት ሲነጥፍ ሕዝቡ ፓምፑን ይረግማል።

መሐንዲሷ፦ ይህማ ውሃ የተገኘበት ጉድጓድ ነው። ቢያንስ ርክክብ ስለሚደረግበት ወረቀት ይኖረዋል።

ጋሼ፦ ልልሽ የነበረው ይህንኑ ነው። ያልተገኘበትስ? ደረቅ ጉድጓድ ማንም ሪፖርት ሊያደርገው አይወድም። አስቆፋሪው ገንዘብ አጠፋህ እንዳይባል ይፈራል፤ ቆፋሪው ስሙ እንዳይጠፋ ይፈራል። አፉ በድንጋይ ይደፈናል፣ ሪጉ ይነሣል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሌላ ድርጅት ሌላ በጀት ይዞ እዚያው መንደር ይመጣና ከመጀመሪያው ድፍን ጉድጓድ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ እንደገና ደረቅ ይቆፍራል። በዓይኔ አይቻለሁ። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሪጉ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር የሚጠብቁት። አቧራ ብቻ ሲወጣ አይተው ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁለተኛው ገንዘብ ለቧንቧ ይውል ነበር።

መሐንዲሷ፦ የእኛ የመሠረት ጉድጓዶችም እንደዚያው ናቸው። ናሙናው በሳጥን ተደርድሮ ፎቶ ይነሣል፤ ሥራው ሲያልቅ ሳጥኑ ካምፕ ውስጥ ይቀራል፤ ካምፑ ሲፈርስ ይጣላል።

ጋሼ፦ አየሽ? እዚያ ሳጥን ውስጥ ላለው አለት ሜትሩ ስንት እንደተከፈለበት አንቺ ታውቂዋለሽ። የሚቀጥለው መሐንዲስ መንገዱን ሲያሰፋ ያንኑ ተራራ እንደ አዲስ ይበሳል።

መሐንዲሷ፦ እንግዲህ አሁን ለምሄድበት ይምከሩኝ። ሰኞ እንቀሳቀሳለሁ።

ጋሼ፦ በመጀመሪያ መንገዱ የሚያልፍበትን ተዳፋት ከሥር ሳይሆን ከአናቱ ጀምረሽ ዙሪው። ስንጥቅ ፈልጊ። ምንጮቹን ሁሉ በካርታሽ ላይ አስቀምጪ፤ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ከሥራቸው ውሃ የማያሳልፍ ንብርብር አለ ማለት ነው፤ መንገዱን በዚያ መስመር ላይ አትቁረጪው። ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፤ የትኛው ማሳ እንደተንሸራተተ፣ የትኛው ቤት ቦታ እንደቀየረ እነሱ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ የመሠረት ጉድጓዶቹን ስትጨርሱ ሁሉንም አትድፈኗቸው። በሁለቱና በሦስቱ ቱቦ አስገቡና ክረምቱን ሙሉ ውሃው ይለካ። ማዘግየት የለበትም፤ የተቀረው ሥራ ይቀጥላል። አንድ የአካባቢ ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ገመድ ልኮ ቢጽፍ ይበቃል።

መሐንዲሷ፦ ይህንስ አማካሪውን አሳምነዋለሁ። ወጪው ትንሽ ነው።

ጋሼ፦ ሦስተኛውን አደራ የምለው ለአንቺ ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ለምታስቆፍሩ ወረዳዎች፣ ለእርዳታ ድርጅቶች፣ ለመንገድና ለሕንፃ ኮንትራክተሮች፣ ለግል ቤቱ ጉድጓድ ለሚያወጣው ሰው ሁሉ ነው። እባካችሁ፣ አንድ ገጽ ጻፉ። ቦታው ከነመለኪያው፣ ጥልቀቱ፣ በየስንት ሜትሩ ምን አለት እንደወጣ፣ ውሃ የተገኘበት ሜትርና ቀኑ። ውሃ ካልተገኘም «አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉና ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ለጂኦሎጂ መሥሪያ ቤቱ አስገቡ። የጥናት ክፍሎቹም የመጣላቸውን ተቀብለው ለጠየቀ ሁሉ ይስጡ፤ የደረቁንም ጭምር።